ከሌሊቱ አሥር ሰዓት

«አዳምስ» ብዬ ጻፍኩ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ፤
የማታው ክፍል ሳቀ።
ጂብሪል የባጃጁ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣
«መምህር፣ ያገራችን ልጅ ነው? ‹ስ›ዋን ማን ጨመረ?» ብሎ ጠየቀ።
አልተቆጣሁም እኔ፤ አዳማ ሲመሽባት ነፋሷ ቀልድ ያውቃል፤
አቧራ ይዞ ይገባል፣ ደብተር ይገልጣል፣ ጠመኔ ይሰርቃል።

ሁለተኛው ነበር፣ አልኳቸው፣ ከግዙፉ ኋላ ተራ የደረሰው፤
በሦስት ድምፅ ብልጫ፣ በሦስት ብቻ፣ ወንበር የወረሰው።
የተሸነፈውም ቤቱ አልተመለሰ፤
የዘመኑ ሕግ ነው፣ ምክትል ተብሎ ከጎኑ ደረሰ።
ወዳጁ ነበረ፤ ባንድ ብራና ላይ ነጻነትን መክረው፣
አሁን ባንድ ጣራ ላይተያዩ ምለው።

«ሁለት አውራ ዶሮ ባንድ ቆጥ ያድራል እንዴ?» አለች ስንቅነሽ፣
ከወፍጮ ቤት መጥታ፣ ዱቄቱ ከቅንድቧ ገና ሳይራገፍ።
መልሱን ታውቀዋለች።
ሰፈሯ ሰፈሬ፣ ዕድሯ ዕድሬ ነው፤ እናቷም ተቀጥታለች።

ጸሐፊ ነኝ እኔ፤ መዝገቡ ከኔ ዘንድ፣ ካልጋዬ ሥር አለ።
ጋሽ ድሪባ ሊቀ መንበር፣ ጋሽ ሌንጂሶ ምክትል፤
አንዱ አንዱን ባራት ድምፅ ጣለ።
ከወንጂ ፋብሪካ ባንድ ቀን ጡረታ፣
ባንድ ጋሪ መንገድ፣ ባንድ ጠረጴዛ የዳማ ጨዋታ፣
ሃያ ዓመት ኖረው፣
ባንድ ስብሰባ ምሽት ሆድና ጀርባ ሆነው ተነሡ።

ምክንያቱ ድንኳን ነው።
የማዶኛው ዕድር ተውሶ ወስዶት ሳይመልስ ከረመ፤
ግማሹ «በጉልበት!» አለ፣ ግማሹ አጉረመረመ፤
ድሪባ ሦስት ሽማግሌ ላከ።
ያም ሰው፣ የሰሌዳው፣ ፈረንሳይ መርከቡን በዘረፈች ጊዜ
ሦስት መልእክተኛ ልኳል፤
የኋላ ኋላ ጀርባ የሰጠው የራሱ ወገን ነው።

ከዚያ ሕግ መጣ።
እዚያ፦ መሪን በሐሰት ያማ ወኅኒ ይውረድ የሚል፤
እዚህ፦ አንቀጽ አሥራ አራት፣ ሊቀ መንበር የሰደበ መቶ ብር ይክፈል።
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ፊደልህ ያምራል ሲሉኝ ደስ ብሎኛል፣ አልክድም።

እዚያ አንድ የምክር ቤት ሰው ታስሮ፣ እስር ቤት ሳለ ተመረጠ።
እዚህ የስንቅነሽ እናት
«ሆዱ ቀድሞ ይገባል፣ እሱ ኋላ ይደርሳል» ብላ፣
መቶውን ብር በሳንቲም፣ እያንዳንዱን ጮክ ብላ ቆጥራ ከፈለች፤
በዓመቱ ገንዘብ ያዥ ሆነች።

ደወል ሳይደወል የመጨረሻዋን ነገርኳቸው፦
በአራተኛው ዓመት ሰውየው ተሸንፎ፣
ምክትሉ ሊምል ሲል፣ ሕዝብ ሳይሰበሰብ፣
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በሠረገላ ሄደ፤
የተተኪውን እጅ ሳይጨብጥ ነጎደ።

ያልነገርኳቸው ግን፦
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በሬ ላይ ኮሽታ ሰማሁ።
ብርድ ልብሴን ደርቤ ቆምኩ።
የጋሽ ድሪባን ሳል ለይቼ አውቃለሁ፤ የፋብሪካ ጢስ ያጠበሰው ሳል ነው።
«ማን ነው?» ማለት አቃተኝ።
ዝም አልኩ። ዝም አለ። ጫማው ጠጠር ላይ ራቀ።
ሲነጋ ማኅተሙ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ደፉ ላይ ነበረ፤
እሱ በመጀመሪያው ሚኒባስ አሰላ፣ ልጁ ዘንድ ተሻገረ።

«ታረቁ ወይ?» አለ ጂብሪል።
ካሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ አልኩት፣ በደብዳቤ።
ደወል ሆነ።

ትናንት ጋሽ ሌንጂሶ መጣ። ሊቀ መንበር ነው አሁን፤
ወንበር ስስብለት አልተቀመጠም።
የአሰላውን ስልክ ከመዝገብ ፈልጌ ሰጠሁት፤
መልሶ ገፋው። «ስልክ ይቸኩላል፤ የኔም የሱም ጆሮ ደህና አይሰማም።
ወረቀት ስጠኝ።»
ባዶ ገጽ አጣሁ።
አንቀጽ አሥራ አራትን ከመዝገቡ ቀደድኩ፤
ጀርባው ንጹሕ መስሎኝ ነበር፤
ቀለሜ ዘልቆ ኖሯል።